ችግኙንስ ቆጠርን፣ ደኑን ማን ያቅደው?

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡና የያዘ ቡናውን እየጠጣ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለም ሰልፉን እየጠበቀ ያንብብልኝ። ጉዳዩ ክረምት በመጣ ቁጥር የምናነሳው የዛፍ ነገር ነው። ግን ስለ መትከል አይደለም፤ ስለ መቁረጥ ነው። ከመሳደባችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡኝ፣ አደራ።

ባለፈው ሳምንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ደወለልኝ። አሁን በአንድ ወረዳ የደን ባለሙያ ሆኖ ይሠራል።

«ጋሼ፣ ያ የተከልነው ጥድ ሊወርድ ነው» አለኝ።

«የቱ?»

«የ95ቱ ነዋ! 4ቱም ሄክታር። ለማገዶና ለአጣና ዋጋ ወጥቶለታል።»

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ያንን ቦታ የምታስታውሱ ከእናንተ መካከል አላችሁ። በ1995 ክረምት፣ ለመስክ ልምምድ ወጥታችሁ፣ ጭቃ እስከ ጉልበታችሁ እየዋጣችሁ የፈረንጅ ጥድ ተከላችሁ። በ2 ሜትር ርቀት፣ በሄክታር 2,500፣ በ4 ሄክታር 10,000 ችግኝ። ገመድ ስትወጥሩ የነበራችሁ ልጆች አሁን የልጆች አባትና እናት ናችሁ። ደኑም ዘንድሮ ሐምሌ ላይ 23 ዓመት ሊሞላው ነው።

በ23 ዓመቱ ያ ደን ለጣውላ መድረስ ነበረበት። ለማገዶ ለምን ወረደ? መሬቱ መጥፎ ሆኖ ነው? አይደለም። ችግኙ ሳይጸድቅ ቀርቶ ነው? ጸድቋል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ጸድቋል። ዝናብ አጥሮት ነው? አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ስላልተደረገለት ነው፦ አልሳሳም።

ደን ለማያውቁ ወዳጆቼ በቀላሉ ልንገራችሁ። በቆሎ የዘራ ገበሬ ከበቀለ በኋላ ምን ያደርጋል? ያሳሳል። ሁሉንም ላሳድግ ቢል አንዱም ፍሬ እንደማይቋጥር ያውቃል። ዛፍም እንደዚያው ነው። ስንተክል አጠጋግተን የምንተክለው ወጣቱ ዛፍ ብርሃን ፍለጋ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ፣ አረሙን ቶሎ በጥላው እንዲመታ፣ የሞተውም ቢሞት የሚተርፍ እንዲኖር ነው። ከ6 እና 7 ዓመት በኋላ ግን ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው እድገት ሳይሆን ግብግብ ነው፤ ለብርሃን ከላይ፣ ለውኃ ከሥር።

በዚህ ጊዜ ደን ባለሙያው ይገባና ጠማማውን፣ ደካማውን፣ በሽተኛውን ያወጣል። ለቀሪው ቦታ ይለቅለታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ይመለሳል። በ2,500 የተጀመረው ሄክታር መጨረሻ ላይ 400 ያህል ምርጥ ዛፍ ይዞ ይቀራል። «2,100 ዛፍ ጠፋ እኮ!» ትሉኝ ይሆናል። አልጠፋም። የመጀመሪያው ዙር ማገዶና ማገር፣ ሁለተኛው አጣናና ቋሚ፣ የመጨረሻው ጣውላ ሆኖ ወጣ። ባለቤቱ 25 ዓመት እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ በየመሃሉ ገቢ አገኘ።

አንዲት ስሌት ላስቸግራችሁ። የግንዱ ውፍረት ከ15 ሳንቲ ሜትር ወደ 30 ቢያድግ፣ ቁመቱ እኩል ሆኖ እንኳ፣ እንጨቱ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው። ዋጋው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ምክንያቱም 15 ሳንቲ ሜትር ግንድ መሰንጠቂያ ቤት ቢገባ የሚወጣው ጣውላ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እና ለምን አልሳሳም? ተማሪዬ የነገረኝን ልንገራችሁ። ጥያቄው ሦስት ጊዜ ቀርቧል። ሦስቱንም ጊዜ ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው መልስ አንድ ነው፦ «አገር ሁሉ ዛፍ ይተክላል፣ እኛ ዛፍ ቁረጡ ብለን ደብዳቤ አንጽፍም።» አለቆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሪፖርቱ ላይ የሚሞላው ሣጥን «የተተከለ ችግኝ ብዛት» ነው። «የሳሳ ደን በሄክታር» የሚል ሣጥን የለም። ሣጥን የሌለውን ሥራ ማን ይሠራል? ተማሪዬም «ፈራሁ ጋሼ» አለኝ። አልፈርድበትም።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። የዚያን ደን የአያያዝ ዕቅድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። 60 ገጽ! ሰንጠረዡ፣ ግራፉ፣ የማሳሳቱ ዓመት፣ የመግረዙ ቁመት አንድም የጎደለ የለም። በጣም ኮርቼበት ነበር። ቀበሌው ውስጥ የሚያነበው ሰው አልነበረም። የደኑ ጠባቂ አንድ ቀን «መምህር፣ ያ ወረቀት ምን ይላል?» ብሎኝ ነበር። «ደኑ እንዴት እንደሚያዝ ነው» ብዬው አለፍኩ። ቁጭ ብዬ ባስረዳው ኖሮ፣ ቢያንስ በ7ኛው ዓመት «ጊዜው ደርሷል» ብሎ የሚጮህ አንድ ሰው ይኖር ነበር። እናንተንም ቢሆን ሲልቪካልቸር አስተምሬ፣ ፈትኜ፣ ኤ ሰጥቻችኋለሁ። ከአለቃ ጋር እንዴት እንደሚከራከሩ ግን አላስተማርኳችሁም።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ።

«ዘላቂ የደን አያያዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው «አትንኩ» ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ግን ከተቃራኒው ነው። በፈረንጆች 1713 ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትስ የሚባል የሳክሶኒ የማዕድን ሹም አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የብር ማዕድን ማውጫዎቹና ማቅለጫዎቹ እንጨት እየበሉ ጫካውን ጨረሱት፤ እንጨት ካለቀ ማዕድኑም ሊቆም ነው። ሰውየው ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ከሚያድገው በላይ አትቁረጥ፣ የቆረጥከውን ተካ፣ ይህንንም በዕቅድ አድርገው። እንግዲህ የዘላቂነት ሐሳብ ሲወለድ «አትቁረጥ» አላለም። «በልክ ቁረጥ» ነው ያለው።

ይህን ለመማር ደግሞ ሳክሶኒ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ጎጃም ውስጥ ከቤታችን በታች ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ነበረው። ማሳውን በስድስት መደብ ከፍሎት ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ አንዱን መደብ ብቻ ይቆርጣል። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከሚያቆጠቁጠው ሁለት ሦስት ደህና ደህናውን ትቶ ሌላውን ይመለምላል። ስድስተኛው መደብ ሲቆረጥ የመጀመሪያው ተመልሶ ደርሷል። የኔ ደብተርም፣ የእህቶቼ ጫማም፣ የቤታችን ቆርቆሮም የወጣው ከዚያ ነው። አንድ ዓመት ሰርግ ገጥሞን ዘመድ ሁሉ «ሁለት መደብ ቁረጥ» ሲለው፣ «የከርሞን ልብላ?» ብሎ እምቢ አለ። በሬ ሸጠ እንጂ ዛፉን አልነካም።

በኋላ ወንዶ ገነት ገብቼ መምህራችን ሰሌዳ ላይ «የደኑን ስፋት ለቆረጣው ዘመን አካፍሉ፣ በዓመት የምትቆርጡት ያ ነው» ብሎ ሲጽፍ ሳቅ አመለጠኝ። 100 ሄክታር ለ25 ዓመት ሲካፈል በዓመት 4 ሄክታር። የአባቴ ስድስት መደብ እኮ ነው!

ስለ አረንጓዴ አሻራ ምን ትላለህ ለምትሉኝ፦ አልቃወምም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ነበር። ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ወታደር፣ ነጋዴ አንድ ላይ አፈር ሲነካ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ችግኝ ጣቢያዎች ተስፋፍተዋል፤ ልጆች የዛፍ ስም ያውቃሉ። ግን አማርኛችን ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ችግኝ «ተተከለ» እና ችግኝ «ጸደቀ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መተከል የአንድ ቀን ነው። መጽደቅ የሦስት ክረምት አረምና የከብት ጥበቃ ይፈልጋል። ከጽድቀት በኋላ ያለው ደግሞ የሃያና የሠላሳ ዓመት ሥራ ነው፤ ስለዚያ የሚያወራ የለም። ዛሬ የጸደቁት ችግኞች ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደኔ 4 ሄክታር እርስ በርስ መታነቅ ይጀምራሉ። ያኔ ማን ይገባል? በምን ዕቅድ? በማን ፈቃድ?

አንድ ጥሩ ምሳሌ አገራችን ውስጥ አለ፤ እሱም ጥሩነቱና ማስጠንቀቂያው አብሮ የመጣ ነው። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ያለ ገበሬ ያለ ማንም ዘመቻ ደከረንስ ተከለ። መጀመሪያ ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ ከፍ ሲል ሣር ያጭዳል፤ በ4 እና 5 ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ እንደገና ይዘራል። አሲዳማ ሆኖ ምርት እምቢ ያለው መሬት አገገመ። አንድ ወረዳ በእንጨት ሀብት ተለወጠ። ይህ እውነተኛ ሲልቪካልቸር ነው፤ ተከላ፣ እንክብካቤ፣ ቆረጣ፣ ተተኪ፣ ገበያ ሁሉ በአንድ ገበሬ ጭንቅላት ውስጥ የታቀደ።

ግን ሁሉም አንድ ዛፍ ብቻ ተከለ። ባለፉት ዓመታት ዝገት የሚሉት የፈንገስ በሽታ ገባና ደከረንሱን መታው። አንድ ዓይነት ዛፍ ዳር እስከ ዳር ከተተከለ በሽታ ሲመጣ የሚያቆመው አጥር የለም። ገበሬውን አልወቅስም፤ ገበያው ያዘዘውን ተከለ። «ከአራት አንዱን መደብ ሌላ ነገር አድርገው» ማለት የነበረብን እኛ ባለሙያዎቹ ነን። ዕቅድ ማለት የሚቆረጥበትን ቀን መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ቢበላሽ ምን ይተርፋል ብሎ መጠየቅም ነው።

«ቆይ ጋሼ፣ አንተ ቁረጡ ካልክ ሌባውም በር ያገኛል» የሚለኝ ይኖራል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አላቃልለውም። የማሳሳት ደብዳቤ ይዞ ገብቶ ደህና ደህናውን ግንድ ጭኖ የሚወጣ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ማሳሳት ማለት ክፉውን አውጥቶ ደጉን መተው ሆኖ ሳለ፣ እሱ ደጉን አውጥቶ ክፉውን ይተዋል። ስለዚህ ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ የምናገረው ሰው ስለተከለው ደን ነው። የቀረችውን የተፈጥሮ ደን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን፣ ጥቁር እንጨቱን፣ ወይራውን አላልኩም። እዚያ ያለው ሥራ ሌላ ነው፦ ከብት ማስወጣት፣ የራሱ ዘር እንዲበቅል ዕድል መስጠት፣ የተጎዳውን ቦታ በአገር በቀል ችግኝ መሙላት። የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያየ ሰው ይገባዋል። ዙሪያቸውን የድንጋይ ካብ የተሠራላቸው ጋ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ከብት ሲቀር መሬቱ ላይ ቡቃያ ይታያል። አንዳንዴ ትልቁ የደን ሥራ አጥር ነው።

ሁለተኛ፣ ክልከላው ሌባውን አላስቆመም። ያስቆመው ሕጋዊውን ባለሙያ ነው። ሌባ ደብዳቤ አይጠይቅም፤ ሌሊት ይመጣል።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ግልጽነት ነው። የሚቆረጠው እያንዳንዱ ዛፍ በቀለም ይመልከት፤ ሁለት ቦታ፣ ደረት ላይና ከጉቶው ሥር። ዛፉ ሲወድቅ የጉቶው ምልክት ይቀራል፤ ምልክት የሌለው ጉቶ ከተገኘ ሌባ ገብቷል ማለት ነው። ቁጥሩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ምልክት ሲደረግ የአካባቢው ሰው ቆሞ ይይ፤ ከገቢውም ድርሻ ይኑረው።

ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በጭልሞ፣ በቦንጋ፣ በአዳባ ዶዶላ አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲጀመር መነሻው ቀላል ነበር፦ ጫካው ዳር የሚኖረው ሰው መብትም ኃላፊነትም ይኑረው። ማሩን፣ ቡናውን፣ እንጨቱን በስምምነት የሚጠቀም ሰው እሳት ሲነሳ ቀድሞ ይሮጣል። የማይጠቀምበትን ግን «የመንግሥት ነው» ብሎ ያልፋል። የ2010ሩ የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ለደን አራት ባለቤት ያውቃል። ሕጉ በር ከፍቷል። የጎደለው በበሩ የሚገባ ዕቅድ ነው።

ወረዳ ላይ፣ ዞን ላይ፣ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው 60 ገጽ አይደለም። አንድ ገጽ ነው። በሕዝቡ ቋንቋ፣ ጠባቂው ሊያነበው በሚችል ፊደል። አምስት ጥያቄ ይመልስ፦

1. ይህ ደን ለምንድን ነው? ለጣውላ፣ ለማገዶ፣ ለምንጭ ጥበቃ ወይስ ለማር? መልሱ «ለሁሉም» ከሆነ ዕቅድ አይደለም።
2. ዛፉ ከአፈሩና ከከፍታው ጋር ይስማማል? የቆላውን ደጋ አትውሰዱ።
3. በስንተኛው ዓመት፣ ስንቱ ይወጣል? ስንቱ ይቀራል?
4. በየዓመቱ የምንቆርጠው ከሚያድገው አይበልጥም? በቆረጥነው ቦታስ ማን፣ መቼ ይተክላል?
5. ገንዘቡ የማን ነው?

ይህን ገጽ ችግኙ ከመተከሉ በፊት ጻፉት። በኋላ የሚጻፍ ዕቅድ ምክንያት መደርደሪያ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁና በየዓመቱ ለትውልድ ቀያችሁ «ችግኝ እንግዛ» የምትሉ ወዳጆቼም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዘንድሮ ግን የችግኙን ግማሽ ቀንሱና በቀረው ብር ለሁለት ወጣቶች የሦስት ዓመት ደመወዝ መድቡ፤ አረም የሚነቅሉ፣ ከብት የሚመልሱ፣ የደረቀውን የሚተኩ። ለፎቶ አይመችም፤ ደኑ ግን ያኔ ነው የሚኖረው።

ወደ 4 ሄክታሯ ልመለስና ላብቃ። ተማሪዬን «አሁን ብናሳሳውስ?» አልኩት። እሱም «ለካሁት ጋሼ። አማካይ ቁመቱ 18 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው» አለኝ። ሁለቱን አካፍሉት፤ ቁመቱ የውፍረቱ 120 እጥፍ ነው። ከ100 ያለፈ ዛፍ ቀጫጫ ነው፤ የቆመው ጎረቤቱ ስለደገፈው ነው። በአንድ ጊዜ ግማሹን ብታወጣ ንፋስ ሌላውን ግማሽ ይጥለዋል። በ7 ዓመቱ በመጋዝ የሚፈታው ነገር በ23 ዓመቱ እንዲህ ይተበተባል። የዘገየ እንክብካቤ ራሱ አደጋ ይሆናል።

ቢሆንም ሙሉ ለሙሉ ከመጨረስ የሚሻል መንገድ አለ። ንፋስ የለመደውን ዳሩን አለመንካት። ከውስጥ በኩል፣ ከንፋሱ ጀርባ ጀምሮ፣ በጠባብ ሰቅ ሰቅ መቁረጥ፤ አንድ ሰቅ በዓመት። በተቆረጠው ቦታ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት አቀላቅሎ መትከል። የቆመው ለተተከለው ጥላና የንፋስ መከታ ይሆናል። በስድስት ዓመት ያልቃል። አዎ፣ ስድስት መደብ፤ አባቴ ቢሰማ ይስቅብኝ ነበር።

ይህንን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ ጻፍኩት። ተማሪዬ ለጽሕፈት ቤቱ አስገብቷል። አለቃው «እናየዋለን» ብሏል። «አይሆንም» አላለም፤ በኛ አገር ቢሮ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ጨረታው እስኪዘጋ 12 ቀን ቀርቷል። በሚመጣው ማክሰኞ እኔም እሄዳለሁ፤ የደኑ ጠባቂ አሁንም እዚያው አለ አሉኝ፣ አርጅቷል። ከማንም በፊት ለእሱ ነው የማነብለት።

ከ95ቱ ልጆች መሄድ የምትችሉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀለምና ብሩሽ እኔ እይዛለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በአካባቢያችሁ ከ10 ዓመት በፊት የተተከለ ደን ካለ እስቲ አንድ ቀን ግቡበትና ሁኔታውን እዚህ ጻፉልን። ፀሐይ መሬቱ ላይ ታርፋለች? ከሥሩ ሣር አለ? ወይስ ጨለማና ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው?

የምትቃወሙኝም ተቃወሙ፤ በክርክር ነው የምንማረው። ስድብ ግን ይቅር፣ ተማሪዎቼ ያነቡታል።

ቸር ሰንብቱ። ክረምቱን የሰላም ያድርግልን።